«ለአንድ ታካሚ አንድ ወረቀት»፦ ስለ ኢሲጂ አነባበብ ለሆስፒታላችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምንሠራበት ሆስፒታል የሥራ አመራር ቦርድ፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሩና ለጥራት ክፍሉ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የኢሲጂ ወረቀት አጠቃቀምንና አነባበብን የሚመለከተው የውስጥ መመሪያ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የአመራር አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በድንገተኛና በውስጥ ደዌ ክፍሎች በተረኝነት የምንሠራ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ነን። ክረምቱ ሲገባ በየክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ባለ አንድ ገጽ መመሪያ አራት ነገሮችን ደንግጓል። ለአንድ ታካሚ በአንድ ምርመራ ከአንድ በላይ የኢሲጂ ወረቀት ያለ ክፍል ኃላፊ ፊርማ እንዳይወጣ፤ ማሽኑ በወረቀቱ አናት ላይ የሚያትመው ንባብ እንደ ውጤት በካርዱ ላይ እንዲገለበጥና ወረቀቱ ራሱ «ፋይል ስለሚያሳብጥ» እንዳይቀመጥ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናካሂደው የነበረው የኢሲጂ ንባብ «የሥራ ሰዓት ስለሚሻማ» እንዲቀር፤ እንዲሁም ወረቀቱን በስልክ አንሥቶ ለሌላ ባለሙያ መላክ እንዲከለከል። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አቤት ብለናል። ለመጀመሪያው «እየታየ ነው» ተባልን፤ ለሁለተኛው ምንም አልተባልንም። ወደ አደባባይ የወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። የሆስፒታሉን ስም ያልጠቀስነው አሠራሩ እንዲስተካከል እንጂ ቤታችን እንዲወቀስ ስለማንፈልግ ነው።

ደብዳቤው ለእናንተ የተጻፈ ቢሆንም ታካሚና አስታማሚም ቢያነበው ደስ ይለናል፤ ስለዚህ እናንተ የምታውቁትንም ነገር አንዳንድ ቦታ ዘርዝረናል፤ ይቅርታችሁን እንጠይቃለን። ኢሲጂ ልብ በምትመታበት ጊዜ የምታመነጨውን ጥቃቅን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ ለቅሞ በወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ ነው። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይሮጣል፤ ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ ትልቋ 0.2 ሰከንድ ናት። በተለመደው አሠራር ማሽኑ የ10 ሰከንድ ምት ይይዝና 12ቱን ሊዶች፣ ማለትም ልብ ከ12 አቅጣጫ የምትታይባቸውን መስመሮች፣ በየ2.5 ሰከንዱ ቆራርጦ በአንድ ገጽ ላይ ይደረድራቸዋል። በደቂቃ 40 ጊዜ የምትመታ ልብ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ የምታሳየው አንድ ወይም ሁለት ምት ብቻ ነው። ከግርጌ በሚሮጠው ረጅም መስመር ላይ እንኳ ስድስት ወይም ሰባት ምት ብናገኝ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ይህ ምት ሥርዓት አለው፣ የለውም» ብሎ መፍረድ አንድ ሰው ሁለት እርምጃ ሲራመድ አይቶ «ያነክሳል፣ አያነክስም» እንደማለት ነው።

አብዛኛው ወረቀት እንዲህ አያስቸግርም። ከአሥሩ ስምንቱን ኢንተርኑም፣ ማለትም በልምምድ ላይ ያለው የሕክምና ተማሪ፣ በቀላሉ ያነበዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የምንነጋገረው ስለ ቀሪው ነው፤ ሌሊት ላይ ሁለት ተረኛ አንድ ወረቀት ይዞ በመብራት ሥር የሚከራከርበት ዓይነት። እንዲህ ያለው ወረቀት ሲያጋጥመን መፍቻ ያገኘንለት በሦስት መንገድ ነው፦ ከታካሚው አሮጌ ወረቀት ጋር በማስተያየት፣ ረዘም አድርጎ ደግሞ በማውጣት፣ ለሌላ ሰው በማሳየት። መመሪያው ሦስቱንም በአንድ ገጽ ዘግቷል።

በቅድሚያ የአሮጌውን ወረቀት ነገር እናንሣ። መመሪያው ከመውጣቱ በፊት፣ በመጋቢት ወር፣ አንዲት የ40 ዓመት ገደማ እናት በወንድማቸው ታጅበው ከደንቢያ መጡ። በልጅነታቸው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በመጣ የሩማቲክ በሽታ የልባቸው ሚትራል በር ጠብቦ፣ ምታቸውም ሥርዓት አጥቶ፣ ማለትም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ውስጥ ገብተው፣ የልብ ምት የሚያዘገየውን ዲጎክሲን፣ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድና የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን እየወሰዱ በክትትል ላይ የቆዩ ናቸው። ያን ቀን የመጡት ሦስት ቀን ሙሉ ስላስመለሳቸውና ምግብ አልበላ ስላላቸው ነበር። ወንድማቸው «ልቧስ እግዜር ይመስገን አደብ ገዝቷል፤ ድሮ እንደተያዘች ወፍ ነበር የሚርገበገበው» አሉን። እውነትም የእጅ ምታቸው በደቂቃ 42፣ እኩል እኩል የሚሄድ ነበር። ማሽኑም «ሳይነስ ብራዲካርዲያ» ብሎ አተመ፤ ዝግ ያለ፣ ግን ከትክክለኛው ምንጭ የሚነሣ ምት ነው ማለቱ ነው።

በክትትል ክሊኒክ ለዓመታት የሠራችው ነርሳችን ግን አልተዋጠላትም። ወደ ካርድ ክፍል ወርዳ ከሁለት ወር በፊት የወጣውን ወረቀት ይዛ መጣች፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። አንድ ነጭ ወረቀት ወስዳ ጠርዙን ከምቶቹ ጫፍ ጋር አስጠጋችና በእስክሪብቶ ሦስት ነጥብ አደረገች፤ ከዚያ ነጩን ወረቀት ወደ ቀኝ እያንሸራተተች ነጥቦቹን ከቀጣዮቹ ምቶች ጋር ለማጋጠም ሞከረች። በአሮጌው ላይ አልገጥም አሏት። በአዲሱ ላይ ሁሉም ልክ ልክ ገባ። ይሁንና ከእያንዳንዱ ምት በፊት መታየት የነበረባት ትንሿ ጉብታ፣ ፒ የምንላት ሞገድ፣ በአዲሱም የለችም፤ መደቡ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ የላይኛው የልብ ክፍል አልተረጋጋም ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ የታችኛው ክፍል በራሱ ጊዜ፣ ዝግ ብሎ፣ እኩል እኩል መምታት ጀምሯል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው ዲጎክሲን እየወሰደ ምቱ በድንገት እኩል ሲሆን ሐኪም ደስ ሊለው አይገባም፤ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የመድኃኒቱ መመረዝ ነው። ማስመለሱም ከዚያው የመጣ ነበር፤ ፉሮሴማይዱና ትውከቱ ፖታሲየምን ሲያወርዱት ደግሞ የዲጎክሲን ጉዳት ይብስበታል። ዲጎክሲኑ ቆመ፣ ፖታሲየማቸው ተለክቶ ተስተካከለ፣ በሞኒተር ሥር ቆይተው ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እኚሁ እናት ዛሬ ቢመጡ አሮጌው ወረቀት በካርዳቸው ውስጥ አይገኝም። «ሳይነስ ብራዲካርዲያ» የሚለው ቃል ይገለበጣል፣ ማስመለስ የሚያስቆም መድኃኒት ይታዘዛል፣ ዲጎክሲኑንም እንዳያቋርጡ ተመክረው ወደ ደንቢያ ይሸኛሉ። ወንድማቸው ያሉትን እኛም በሐኪም ቋንቋ ደገምነው ማለት ነው፤ ልቧ አደብ ገዝቷል።

ሁለተኛው ቅሬታችን የማሽኑን ንባብ ውጤት ስለማድረግ ነው። ማሽኑን አንንቅም። መስመሩ ጥርት ብሎ ሲወጣ የምቱን ብዛትና የሞገዶቹን ስፋት ከእኛ ዓይን በተሻለ ይለካል፤ በሥራ ብዛት ያለፈንን ነገር አስታውሶን ያውቃል። ነገር ግን ታካሚውን አያየውም። ከዳባትና ከደባርቅ በኩል በብርድ ተጉዞ የመጣ ሽማግሌ አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ማሽኑ የጡንቻውን መርገብገብ የልብ አድርጎ ያነበዋል፤ ብርድ ልብስ አልብሰን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስንደግመው ችግሩ ብን ብሎ የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። የላይኛው የልብ ክፍል በደቂቃ 300 ጊዜ ገደማ እየተሽከረከረ ከሁለት አንዱን ብቻ ወደ ታች ሲያሳልፍ የታችኛው ምት 150 ላይ ተቸንክሮ ይቆማል፤ ይህን ኤትሪያል ፍላተር «ሳይነስ ታኪካርዲያ»፣ ማለትም ፈጣን ግን ከትክክለኛው ምንጭ የሚነሣ ምት፣ እያለ ሲያትም ስንት ጊዜ አይተነዋል። ትኩሳት ወይም ድርቀት ያመጣው ፍጥነት ፈሳሽ ሲሰጡት፣ ሕመም ሲያስታግሱት ይወርዳል፤ ፍላተሩ ግን ሰዓት ሙሉ 150 ላይ ንቅንቅ አይልም። ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ፖታሲየሙ ሲያሻቅብ ቲ የምንላት ሞገድ እንደ ድንኳን ትሾላለች፣ ፒ ትጠፋለች፣ ምቱም ይሰፋል፤ ማሽኑ ይህን ስፋት «የግራ ቅርንጫፍ መዘጋት» ብሎት ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሙ ግን የታካሚውን እግር እብጠትና የሽንቱን ማነስ ስለሚያይ የላቦራቶሪውን መልስ ሳይጠብቅ ልብን የሚጠብቀውን ካልሲየም ግሉኮኔት ይሰጣል። ማሽኑ የወጣት ወንዶችን ጤናማ የኤስቲ ከፍታ፣ ማለትም ከምቱ ቀጥሎ ያለውን መስመር ከፍ ማለት፣ ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር ድንገተኛ መዘጋት) ሊያደርገው ይችላል፤ የሕፃናትን በደረት የፊት ሊዶች ላይ መገልበጥ ያለበትን ቲ በሽታ ሊያሰኘው ይችላል። ዝርዝሩ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ማሽኑ መሳሳቱ አይደለም፤ የታተመ ቃል ዓይንን ያስራል። ስም አስቀድሞ የወጣለትን ወረቀት ማንም እንደ አዲስ አያነበውም። ለዚህ ምስክሩ እኔው ነኝ፤ ቀጥሎ ያለውንም በብዙ ቁጥር መጻፍ ስለማይገባኝ በራሴ አፍ እናገራለሁ።

መመሪያው ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አንድ የ24 ዓመት ወጣት ከወገራ መጣ። ከምግብ በኋላ ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ሌላ ሕመም የለውም። ኢሲጂውን ያነሣሁት ራሴ ነበርኩ፤ ነርሷ የተጎዳ ሰው ይዛ ነበርና። የቀኝና የግራ እጁን ገመድ አቀያይሬ ማሰሬን አላወቅኩም። ማሽኑ «የቆየ የልብ ጡንቻ ጉዳት፣ በጎን በኩል» ብሎ አተመ። ሊድ አንድ የሚለካው በሁለቱ እጆች መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ገመዱ ሲቀያየር በዚያ ሊድ ላይ ያለው ሁሉ፣ ፒዋም ጭምር፣ በግንባሩ ይደፋል፤ ዘወትር ወደ ታች የሚያየው ኤቪአር የተባለው ሊድ ደግሞ ቀና ይላል፤ የደረቱ ሊዶች ግን እንደነበሩ ይቆያሉ። ይህን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የታተመውን ሳነብ ግን ዓይኔ ፒዋን መፈለግ ተወ፤ የተነገረውን ጉዳት ነበር የሚፈልገው፤ አገኘውም። ትንሽ ጥርጣሬ ሽው ብሎብኝ ልድገመው ብዬ ነበር። ቀኑ ዓርብ፣ ጊዜው ከሰዓት ነው፤ ፊርማ የሚሰጠው የክፍል ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበር። የማሽኑን ቃል ገልብጬ ሪፈር ጻፍኩለት።

ቤተሰቡ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ወሰደው፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ኢሲጂ ተነሣ፤ ምንም የለበትም፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ተመለሰ። ከዚያ ወደኔ መጣና ሁለቱን ወረቀቶች ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው፦ «ዶክተር፣ የትኛው ነው የኔ ልብ?» አለኝ። ሳይቆጣ ነው የጠየቀኝ። ስሕተቱ የመመሪያው ነው እያልኩ አይደለም፤ ገመዱን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ ሳልመረምር የገለበጥኩትም እኔ ነኝ፤ ይህንኑ ለወጣቱም ነግሬዋለሁ። የምለው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚታረመው ገመዱን አስተካክሎ በሚወጣ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ነው፤ እኛ ያን ወረቀት ቆጥበን ገበሬ በሬውን ሸጠ።

ወረቀቱ ውድ መሆኑን አንክድም። ጥቅልሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ጄሉና ኤሌክትሮዱም እንዲሁ። እኛም በበኩላችን አባክነናል፤ ራሱን ላመመው ሁሉ ኢሲጂ ስናዝ፣ ለመለማመጃ ብለን ስናወጣ ከርመናል። በዚህ ብትወቅሱን ልክ ናችሁ። ቁጠባው ግን መጀመር ያለበት ከማያስፈልገው የመጀመሪያ ወረቀት ነው፤ ከሚያስፈልገው ሁለተኛ ላይ አይደለም። ደግሞም ብክነቱ ግማሽ ያህሉ ከራሱ ከመሣሪያው ይመጣል። የደረቱ መምጠጫ ጎማዎች ተሰነጣጥቀው አልይዝ ይላሉ፤ ከግድግዳው መብራት የሚመጣው የ50 ኸርዝ ንዝረት መስመሩን ጥርስ በጥርስ ያደርገዋል። ገመዱን ነቅለን በባትሪ ስንሠራ ይጠራ ነበር፤ ባትሪው ግን ከሞተ ቆይቷል። ጎማና ባትሪ ቢቀየር የሚተርፈው ወረቀት መመሪያው ከሚያተርፈው የሚያንስ አይመስለንም።

ሦስተኛው ቅሬታ ስልኩን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር በከፊል እንስማማለን። የታካሚ ስም ያለበት ወረቀት በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲዞር አይተናል፤ ነውር ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ክልከላው ሌላ መንገድ ሳይከፍት በሩን ዘጋ። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ጡረተኛ ሹፌር «ልቤ ልትወጣ ነው» እያሉ መጡ። ምታቸው በደቂቃ 170፣ እኩል፣ ስፋቱም ከሦስት ትንንሽ ካሬ በላይ ነበር፤ ማለትም ከ0.12 ሰከንድ ያልፋል። ግፊታቸው 110 በ70 ነው፤ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ። ማሽኑ «ከላይኛው ክፍል የተነሣ ፈጣን ምት» አለ። ወጣቱ ባልደረባችንም «ቪቲ ቢሆን ኖሮ ተዘርረው ነበር የሚመጡት» ብሎ ከላይኛው ክፍል ለሚነሣ ፈጣን ምት የሚሰጠውን ቬራፓሚል አዘጋጀ። ይህ አባባል በብዙ ክፍል ሲነገር የሚሰማ ነው፤ ስሕተት ነው። ቪቲ፣ ማለትም ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ ፈጣን ምት፣ ይዞት ለሰዓታት ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው አለ፤ ግፊቱ ደህና መሆኑ የምቱን ምንጭ አይናገርም። ምንጩ ከታች ሆኖ ቬራፓሚል ቢሰጠው ግን ግፊቱ ሊዘቅጥ፣ ልቡም ሊቆም ይችላል።

ነርሷ ሲሪንጁን «ቆይ» ብላ ያዘችው። የታካሚው ስም ያለበትን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍነን ወረቀቱን አነሣንና ቤታቸው ለተኙት ሲኒየር ሐኪም ላክን። መልሱ በአራት ደቂቃ መጣ፦ «ረዘም አድርጋችሁ አውጡልኝ። ቬራፓሚሉን እንዳትነኩት።» ረጅሙን ስናወጣ ፒዎቹ ከሰፊዎቹ ምቶች ጋር ሳይገናኙ በራሳቸው እርምጃ ሲሄዱ ታዩ፤ መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ጠባብ ምት ሾልካ ገባች፤ ከላይ የመጣችው አንዲት መልእክት ለቅጽበት መንገድ አግኝታ ነው። ይህ ሁሉ በአንዱ ገጽ ላይ አልነበረም። ባለቤታቸው በዚያው መሐል ከቦርሳቸው የቆየ የመውጫ ወረቀት አወጡ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሃርት አታክ ይዟቸው ተኝተው ነበር። ሰፊና ፈጣን ምት፣ በዚያ ላይ የቀድሞ ሃርት አታክ ካለ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ቪቲ ነው ተብሎ ነው የሚታከመው። ምት የሚያስተካክለው አሚዮዳሮን ተጀመረላቸው፣ በኤሌክትሪክ ምትን የሚመልሰው ዲፊብሪሌተር ከአልጋቸው አጠገብ ቆመ፤ ጎህ ሳይቀድ ምታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ በመመሪያው መሠረት ረጅሙን ወረቀት ለማውጣት ፊርማ፣ ሲኒየሩን ለመጠየቅ ደግሞ ሕግ መጣስ ያስፈልገናል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፊርማ የሚሰጥ ኃላፊ የለም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚያሳዝነን የሐሙሱ ንባብ መቅረት ነው። ከትሪያጁ፣ ማለትም ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት ከሚለዩበት ቦታ፣ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ከቀኑ 9 ሰዓት እንሰበሰብ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ያከራከሩን ወረቀቶች ይመጣሉ፤ ስማቸው በፕላስተር ይሸፈናል፤ ማሽኑ ያተመው አናት ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ እሱን ቀድሞ የገለጠ የቡናውን ይከፍላል። አስቀድሞ የሚናገረው ከሁሉ የሚያንሰው ነው፤ ኢንተርኑ ወይም አዲሱ ነርስ። ምቱ ስንት ነው፣ እኩል ነው ወይ፣ ፒ አለች ወይ፣ ከሚከተላት ምት ጋር ትገናኛለች ወይ፣ ስፋቱስ ስንት ካሬ ነው፤ ይህን ጨርሶ ነው ስም ወደ ማውጣት የሚኬደው። ሲኒየሮቹ መጨረሻ ላይ ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱም በሁላችን ፊት ይታረማሉ። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን የሚያርምበት ጉባኤ ብዙ ስለማይገኝ ይህን እንደ ቀላል አላየነውም።

አንድ ሐሙስ ሙሉውን ሰዓት የፈጀብን አንድ ወረቀት ነበር። ምቱ ሰፊ፣ እጅግ ፈጣን፣ ግን ቅጥ ያጣ ነው፤ አንዱ ምት ከሌላው ስፋቱም ርቀቱም አይገጥምም፤ በአንዳንድ ቦታ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ትልቅ ካሬ ብዙም አያልፍም። አንዳንዶቻችን ቪቲ፣ አንዳንዶቻችን ተራ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አልነው። ከላይ ወደ ታች የሚወስድ ትርፍ መንገድ ይዞት የተወለደ ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል፤ ትርፉ መንገድ በሦስት ሐኪሞች ስም ዎልፍ ፓርኪንሰን ዋይት ተብሎ የሚጠራውን ሁኔታ የሚያመጣው ነው፤ እነሱም የጻፉት በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናውን መንገድ የሚዘጉት ቬራፓሚልና ዲጎክሲን ለዚህ ሰው መርዝ ናቸው፤ ጎርፉን ሁሉ በትርፉ መንገድ ይለቁታልና። በሁለተኛው ሳምንት ተመሳሳይ ወረቀት ሌሊት መጣ፤ የለየው ሐኪም ሳይሆን ያን ሐሙስ ጥግ ላይ ቆሞ ያዳመጠ ኢንተርን ነበር። ከማክሰኝትና ከቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የሚመጡ የጤና መኮንኖችም ነበሩ፤ በትራንስፖርት የራሳቸውን ገንዘብ ከፍለው። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕዝብ ጤና ኮሌጁ የጤና መኮንንና ነርስ እያሠለጠነች ወደ ገጠር የላከች ከተማ ናት፤ በዚህች ከተማ በሳምንት አንድ ሰዓት ለመማር መቀመጥ የሥራ ሰዓት መሻማት ተብሎ ሲጻፍ ማንበብ ከብዶናል።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ. «ለአንድ ታካሚ አንድ ወረቀት» የሚለው ድንጋጌ ይነሣልን። በምትኩ መቼ መድገም ግዴታ እንደሚሆን የሚዘረዝር አጭር መመሪያ እኛው አርቅቀን እናቅርብ፦ የገመድ መቀያየር ሲጠረጠር፣ መስመሩ ሲርገበገብ፣ ምቱ ሲለወጥ፣ ሰፊና ፈጣን ምት ሲያጋጥም፣ የደረት ሕመም ሲቀጥል። ፊርማው የተረኛው ሐኪም ይሁን።

2ኛ. የማሽኑ ንባብ ማስታወሻ ይባል፤ ውጤት የሚሆነው ያነበበው ባለሙያ ስሙን፣ ሰዓቱንና የራሱን ንባብ ሲጽፍ ብቻ ነው።

3ኛ. ወረቀቱ በካርዱ ውስጥ ይቀመጥ። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ በብርሃን፣ በሙቀትና በአልኮል እየደበዘዘ በዓመታት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ የክትትል ታካሚዎች ወረቀት ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ኮፒው ይያያዝ። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ታካሚዎቻችንን እንለምናለን፦ ወረቀታችሁን ከእኛ ተቀበሉ፣ በፌስታል ሳይሆን በደብተር መሐል አስቀምጡት፣ በመጣችሁ ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ ማንም ባይጠይቃችሁም አሳዩ።

4ኛ. ለድንገተኛ ክፍል አንድ የሆስፒታሉ ንብረት የሆነ ስልክ ይመደብ፤ ስም ሳይታይ ወረቀቱን ለተረኛ ሲኒየር መላክ የሚቻለው በሱ ብቻ ይሁን፤ የተላከውና የተመለሰው በመዝገብ ይጻፍ። በግል ስልክ መላኩ እንደተከለከለ ይቆይ፤ አንቃወምም።

5ኛ. የሐሙሱ ንባብ ይመለስ። ሰዓቱ ካስቸገረ ወደ 11 ሰዓት ይሁን፤ ከሥራ መውጫ በኋላም ቢሆን እንመጣለን። ከጤና ጣቢያ ለሚመጡት ግን የመምጫ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።

6ኛ. የደረት ጎማዎቹና ባትሪው ይቀየሩ።

የወገራው ወጣት ወጪ ጉዳይ ለብቻው በማመልከቻ ቀርቧል፤ እዚህ አንደግመውም፤ መልሱ ግን እንዳይዘገይ እናሳስባለን። ለዚህ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ እንድትሰጡን፣ ካስፈለገም ወረቀቶቹን ይዘን ቀርበን እንድናስረዳ ጊዜ እንድትቆርጡልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ጠቅላላ ሐኪም፣
ስለ ራሱና በድንገተኛና በውስጥ ደዌ ክፍሎች ስለሚሠሩ ተረኛ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች

ግልባጭ፦
ለድንገተኛ ክፍል ኃላፊ
ለነርሲንግ ዳይሬክተር
ለካርድ ክፍል